ደብተር ያልገባ ሠርግ

በእኛ ሥራ ሰው ሲደሰት እኛ እንሸከማለን። ድንኳን፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ሰሃን፣ ማንኪያ፣ ድምፅ ማጉያ፤ ለሠርጉም ለልደቱም ለምርቃቱም የሚያስፈልገውን አምጥተን እንደረድራለን፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሲበተን ለቅመን እንመለሳለን። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሬያለሁ። አላማርርም። የሰው ደስታ መሸከም የሰው ጠብ ከመሸከም ይሻላል፤ ለወገብ ልዩነቱ ባይታወቀውም።

ሰፈሩ "ቆጣሪ" ይለኛል። አልዋሹም። ሁለት መቶ አርባ ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉኝ፣ ሁሉም ከመቀመጫቸው ሥር በሰማያዊ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ከሥራ ሲመለሱ አንድ በአንድ እየገለበጥኩ፣ ስንጥቅ እንዳላቸው እያየሁ እቆጥራቸዋለሁ። ሳልቆጥር እህል አይወርድልኝም። ማንኪያም እቆጥራለሁ። ማንኪያ የሚባል ነገር ከሄደበት ሞልቶ ተመልሶ አያውቅም፤ አንዴ ብቻ ከላክነው በአንድ በልጦ መጣ፣ የማን ቤት ማንኪያ እንደሆነ እስካጣራ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ "ትርፍም ያስጨንቅሻል?" አለኝ። እሱ ፒክአፑን ይነዳል። ንግግሩ ጥቂት ነው፣ የተናገራት ግን ትወጋለች።

ሰው ቤት ድግስ ስጠራም ቆሜ ነው የምውለው። ልቀመጥ ብዬ ስሞክር ዓይኔ የድንኳኑ ገመድ ላይ ይሄዳል፤ ካስማው ላልቷል፣ ጠረጴዛው ይወላገዳል፣ ያ ሰውዬ ወንበሩን በሁለት እግሩ አቁሞ ይወዘወዝበታል። ወንበሩ የኔ ባይሆንም ይቆጨኛል።

ከሁሉ በላይ የማምነው ግን ደብተሬን ነው። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን አለው፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ። በገጹ ላይ ደንበኛው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚወስድ፣ ዕቃው የሚመለስበት ቀን ይጻፋል። ደብተር ውስጥ የገባ ነገር ይፈጸማል። ዝናብ ቢዘንብ፣ መኪና ቢበላሽ፣ ወገቤ ቢቆረጥ፣ እዚያ የተጻፈ ደንበኛ ወንበር አጥቶ ቆሞ አያውቅም። ከራሴ ጭንቅላት ይልቅ ደብተሩን አምናለሁ፤ ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ልጄ አንድ ናት። ሠርጓ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እኔ የወንበር ልብስ ስተኩስ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባች። ስንት ወንበር እንደሚለብስ ልታይ ነበር። ደብተሩን ከመደርደሪያው አውርዳ ገለጠች፣ አንድ ገጽ ወደፊት ሄደች፣ አንድ ገጽ ወደኋላ ተመለሰች።

"እማ፣ ሠርጌ የት ገጽ ላይ ነው?" አለችኝ።

"ቅዳሜ ነዋ" አልኳት ካውያውን ሳላነሣ።

"ቅዳሜን አየሁት።"

ጠጋ ብዬ አየሁ። በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ ተጽፏል፦ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሽኝት። ድንኳን ሁለት፣ ጠረጴዛ ሠላሳ፣ ወንበር ሁለት መቶ ሃያ። የሚመለስበት ቀን እሑድ።

የሆነው ይኸው ነው። ከሦስት ወር በፊት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ መጥተው፣ ዘበኛው በጡረታ ሊሸኙ ነውና ያን ቅዳሜ ዕቃ ያዥልን አሉኝ። በዚያ ሰዓት ከሌላ ደንበኛ ጋር በማንኪያ እጨቃጨቅ ነበር። ደብተሩን ስገልጥ ገጹ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ገጽ ሳይ እጄን ይበላኛል፤ ጻፍኩ። የልጄ ሠርግ ቀን ከዚያ ቀደም ብሎ ተቆርጦ ነበር። ግን ደብተር የሚገባው ደንበኛ ነው። ልጄ ደንበኛ አይደለችም። የገዛ ልጁን ሠርግ ቀጠሮ መዝገብ ላይ የሚጽፍ ሰው ማን አለ? በልቤ ይዤው ነበር፤ ልቤን ደግሞ ለሥራ ጠይቄው አላውቅም።

ካውያው የወንበር ልብሱን ማቃጠሉን ያወቅሁት ሲሸተኝ ነው።

ልጄ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ዘጋችና "ታዲያ እንደ ልደቴ ሰኞ ላግባ?" አለች።

ይህ የሚገባው ለሚያውቀው ነው። የሷ ልደት በየትኛውም ቀን ይዋል፣ የምናከብረው ሰኞ ነበር። ቅዳሜና እሑድ የሰው ልደት ላይ ነን። ሰኞ ዕቃው ተቆጥሮ ከገባ በኋላ ሦስት ወንበር እናወጣለን፣ ለሷ፣ ለአባቷና ለኔ። እኔ ግማሹን ጊዜ ቆሜ ነው የምውለው፣ የቀረውን ልቁጠር እያልኩ። ልጅ ሆና ሁሉም ሰው ሰኞ የሚወለድ ይመስላት ነበር።

"ለዘበኛው አልችልም እላለሁ" አልኳት።

"እንዳትዪ" አለች። "ጋሼ እኮ ናቸው። እኔም በሳቸው በር ነው ያለፍኩት። ዝናብ ሲመታን ኮታቸውን ይዘረጉልን ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት በር ላይ ቆመው ለኖሩ ሰው አንድ ቀን ወንበር ይነፈጋል?"

እውነቷን ነው። እምቢ እላለሁ ብልም አላደርገውም ነበር። ግን ልጄ ለሰው ወንበር ስትሟገት ሳያት፣ የሷን ማን ይሟገትላት አልኩ።

ያን ቀንና ማግስቱን ለማውቃቸው አከራዮች ሁሉ ደወልኩ። የሠርግ ወቅት ነው፣ ሁሉም ተይዘዋል። አንዱ ስልሳ ወንበር አለኝ አለ፤ ሄጄ ብገለብጣቸው ግማሾቹ እግራቸው በሽቦ ታስሯል። የልጄን አማቶች በሽቦ ላይ ላስቀምጥ? ዓርብ ማታ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ባለቤቴ ብርጭቆውን አስቀመጠና "ካስማ ቀርቷል" አለ።

"እሱን አታንሣብኝ።"

"አላነሣሁትም። ቀርቷል ነው ያልኩት።"

ካስማ የከተማው ትልቁ አከራይ ነው፣ አራት መቶ ወንበር አለው። ቅጽል ስሙ የወጣለት አጭር ስለሆነና ከተተከለበት ስለማይነቃነቅ ነው። ዱሮ ወዳጃችን ነበር። ሥራ ሲበዛበት ለኛ ይልክልን፣ እኛም ለሱ እንልክ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ምርቃት ላይ ሁለታችንም ወንበር አቀረብን። ቤት ገብቼ ብቆጥር ስድስት ጎደለብኝ። ያን ጊዜ ወንበሮቼ ቁጥር አልነበራቸውም፣ የሱም የኔም ነጭ ነው። ተመልሼ ሄድኩና የአዳራሹ በር ላይ፣ ጫኞቹና እንግዶቹ እየሰሙ፣ ሌባ ብዬ ሰደብኩት። መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ስድስቱ ወንበሮች በሦስተኛው ወር ተገኙ። የት ቢሉ፣ የገዛ ዕቃ ቤቴ ውስጥ። ወንበር የምንከምረው አሥር አሥር ነው። ያን ቀን ደክሞኝ ክምሩን ነበር የቆጠርኩት፣ ግድግዳው ጥግ የነበረው አንድ ክምር ደግሞ አሥራ ስድስት ነበር። በነጋታው ቀለም ገዝቼ ከልጄ ጋር ቁጥር ጻፍንባቸው። ለካስማ ግን አልነገርኩትም። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሆነ፤ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልጀምር? ኀፍረት እንደ ሊጥ ነው፣ በቆየ ቁጥር ይኮመጥጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሸራ ዘርግቶ ቀዳዳውን በወፍራም መርፌ ይሰፋ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና መስፋቱን ቀጠለ።

"ደህና አደርክ" አልኩ።

"ቆጣሪ። እግዚአብሔር ይመስገን። ቁጭ በይ።"

ወንበር ነበር፣ አልተቀመጥኩም። በመንገዴ ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ፤ በጤና ጥያቄ ተጀምሮ፣ በድሮ ወዳጅነት አልፎ፣ ቀስ ብሎ ወደ ጉዳዩ የሚገባ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ስድስቱን ወንበሮች አግኝቻቸዋለሁ።"

"መቼ?"

"የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት።"

መርፌውን ሸራው ላይ ሰክቶ ተወው። "በሦስተኛው ወር ነው" አለ።

"ማን ነገረህ?"

"አንቺው ነሻ። እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ መንገድ ላይ ስታገኚኝ ትገላምጪኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ መሬት መሬት ማየት ጀመርሽ። እሰይ፣ አገኘቻቸው አልኩ።"

"አውቀህ ነው ዝም ያልከው?"

"ካንቺ አፍ እንዲወጣ ፈልጌ ነዋ። አሥራ አንድ ዓመት ይፈጃል ብዬ ግን አልገመትኩም። እኔማ በቅርቡ ትመጣለች ብዬ ሻይ ቅጠል ገዝቼ ነበር።"

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ የቱን እንደማስቀድም ግራ ገባኝ። "ሰው ፊት ነው የሰደብኩህ፣ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ" አልኩት። እጁን አወናጨፈ። "መጀመሪያ ምን እንዳመጣሽ ንገሪኝ። ለስድስት ወንበር ብለሽ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ፈትተሽ አትመጪም።"

ነገርኩት፤ ደብተሩን፣ ዘበኛውን፣ ሰኞ ላግባ ያለችኝን። ስጨርስ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ጠርዙ በዘይት የወዛ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጣበቀ ደብተር ይዞ ወጣ። የሚመጣውን ቅዳሜ ገልጦ ወደ ዓይኔ አስጠጋልኝ።

ገጹ ላይ በትልቁ የተጻፈው ይህ ነው፦ የቆጣሪ ልጅ ሠርግ። ሌላ ሥራ አልቀበልም።

"የጥሪ ወረቀቱን በእጇ አምጥታልኛለች" አለ። "ከወር በፊት። አንቺ ስታኮርፊኝ እሷ አላኮረፈችም፣ መንገድ ላይ ሰላም ሳትለኝ አልፋ አታውቅም። ሦስት ደንበኛ መልሻለሁ ለዚያ ቀን። እናትየው ብታባርረኝም በር ላይ ቆሜ አያታለሁ አልኩ።"

ያን ጊዜ ነው ወንበሩን ስቤ የተቀመጥኩት። የልጄ ሠርግ በእናቷ ደብተር ውስጥ የለም። ሌባ ብዬ በሰደብኩት ሰው ደብተር ውስጥ ግን፣ ገጹን ብቻውን ይዞ ተቀምጧል። አፈርኩ፤ ከኀፍረቱ ሥር ግን አንድ ሙቀት ተሰማኝ፣ ልጄን ያሰበላት ሰው አለ ብዬ።

"እንግዲያው ሁለት መቶ ሃያ ወንበር ለሠርጉ አውሰኝ" አልኩት።

"አይሆንም።"

ደነገጥኩ።

"የኔ ወንበሮች ለዘበኛው ይሂዱ" አለ። "ልጅቷ ባንቺ ወንበሮች ላይ ትዳር። ዳዴ ያለችው እነሱን ይዛ ነው። ፊደል የቆጠረችው የተገለበጠ ወንበር ውስጥ ተቀምጣ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ግማሾቹ እኮ ተቀይረዋል።"

"ግማሾቹ ይበቃሉ።" ሸራውን እያጠፈ ቀጠለ፦ "ዘበኛውንም የማስተናግደው እኔ ነኝ፣ ራሴ ሄጄ። አውቅሻለሁ፤ ወንበሩን ብሰጥሽ በሠርጉ መሐል ሾልከሽ ልትቆጥሪ ትሄጃለሽ።"

ልክ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም ነበር።

"አንተስ ሠርጉ ይቅርብህ?"

"ለቅሜ ስጨርስ አሥር ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ፍርፋሪ አታጡልኝም። ደብተርሽን ብቻ ላኪልኝ፣ ሰብሳቢዋ ምን እንዳዘዙ ልይ።"

ዓርብ ዕለት ደብተሩን በልጄ እጅ ላክሁለት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ደብተሬ ከቤት ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ባለቤቴ "ከሙሽራዋ ይልቅ ደብተሩን ስትሸኚ ነው ዓይንሽ የቀላው" አለኝ።

የሠርጉ ዕለት ድንኳኑ አማረ። ወንበሮቹ ሁሉ ለብሰዋል። ያቃጠልኩት አንድ ልብስ ብቻ ነው የጎደለው፤ ያንን ወንበር ከኋላ አስቀመጥኩት። ልጄ በባሏ ክንድ ገብታ እንግዶቹ ሲነሡላት፣ የሁለት መቶ ወንበር እግር አንድ ላይ መሬት ሲቧጥጥ ሰማሁ። ያን ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፣ ለሰው ልጅ። ለኔ ልጅ ሲሆን እንዲህ እንደሚያስለቅስ አላውቅም ነበር።

ካለቀስኩ በኋላ ግን አመሌ ተነሣ። ተቀመጪ የተባልኩበት ቦታ ላይ ሁለት ደቂቃ አልቆየሁም። ገመድ አጠበቅሁ፣ የተወላገደ ጠረጴዛ ሥር ካርቶን ወተፍኩ፣ የልጄን አማቶች ሰላም እያልኩ በጎን መደዳውን ቆጠርኩ። ባለቤቴ በአጠገቤ ሲያልፍ "የሙሽራዋ እናት ነሽ ወይስ ጫኝ?" አለኝ። "ሁለቱንም" ብዬ ሄድኩ። ልጄ ከመድረኩ ሆና አየችኝ። ፈገግ አለች፣ ግን ያ ፈገግታ የሰኞ ልደት ፈገግታ ነበር፤ አውቀዋለሁ። አውቄውም መቀመጥ አቃተኝ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ካስማ መጣ። ፊቱን ታጥቦ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ እጅጌው ላይ የድንኳን ገመድ ክር ተንጠልጥሏል። ደብተሬን ብብቱ ሥር ይዟል።

"ሁለት መቶ ሃያ ሄደ፣ ሁለት መቶ ሃያ ገባ" አለኝ። "ማንኪያ ሁለት ጎድሏል።"

"ማንኪያውን ተወው። ጋሼ ዘበኛስ?"

"ፊት ለፊት አስቀመጥናቸው። እንግዳ በገባ ቁጥር የድንኳኑን መጋረጃ ሊከፍቱ ይነሣሉ። አራቴ መልሼ አስቀመጥኳቸው። በአምስተኛው ሰብሳቢዋ ሄደው መጋረጃውን ራሳቸው ያዙ፣ ያኔ አረፉ።"

ልቤ ሞላ። ሄድኩና ማይክሮፎኑን ያዝኩ፤ የራሱ ድምፅ ማጉያ ያለው ሰው ይህ ጥቅም አለው፣ ፈቃድ አይጠይቅም። "ከሙሽሮቹ ላይ ሁለት ደቂቃ ልበደር" አልኩ። "ይህ በር ላይ የቆመው ሰው ካስማ ይባላል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ስድስት ወንበር ወሰደብኝ ብዬ በአደባባይ ሌባ ብዬዋለሁ። ከናንተም የሰማችሁ አላችሁ። ወንበሮቹ የተገኙት የገዛ ቤቴ ውስጥ ነው። እኔ ዝም ስል እሱም ዝም አለኝ። ዛሬ ልጄን በወንበሮቿ ላይ የዳረልኝ እሱ ነው። ካስማ፣ በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ የምሰጥህ አይበቃም።"

ካስማ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ፤ ዛሬ ደግሞ መሬት የማየት ተራው የሱ ሆነ። "ይቅር ብያለሁ፣ ዱሮ" አለ። "አሁን ምግብ አለ ወይ?" ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ባለቤቴም እጁን ይዞ አስገባው።

ሲያልፍ ደብተሩን ሰጠኝ። "ሁለተኛዋን ደንበኛሽን ግን አላስተናገድኩም" አለ። "ያ ያንቺ ሥራ ነው።"

"የምን ሁለተኛ?"

"ገጹን እዪው።"

ገለጥኩ። ከዘበኛው ሽኝት ሥር፣ በልጄ ጽሑፍ፣ ልክ እኔ እንደምጽፈው ተደርድሯል፦

ሠርግ። ድንኳን አያስፈልግም። ጠረጴዛ አያስፈልግም። ወንበር አንድ፣ ለእማዬ። የሚመለስበት ቀን፦ አይመለስም።

ቀና ስል ልጄ ቬሏን በአንድ እጇ ሰብስባ ከመድረኩ ወርዳለች። ከኋላ ያን ልብስ ያልለበሰውን ወንበር አምጥታ፣ ከሷና ከባሏ ወንበር ጎን አስቀመጠችው። ደብተር ውስጥ የገባ ነገር እንደሚፈጸም ታውቃለች፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ተቀመጥኩ። የድንኳኑ አንድ ገመድ ላልቶ ነበር፣ አየሁት። እንደላላ ዋለ። ድግሱ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሣሁም፤ ልጄ እጄን ይዛው ነበር።

ሰኞ ዕቃው ሁሉ ተመልሶ ገባ። ባለቤቴ እየገለበጠ ቁጥሩን ይጠራል፣ እኔ ደብተሩ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። መጨረሻው ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ክምሮቹን እንደገና ዞር ዞር ብሎ አያቸው፣ ጥግ ያለውንም ሳይቀር።

"አንድ ይጎድላል" አለኝ። "የት ሄዶ ነው?"

"ይጉደል" አልኩት፣ ተቀምጬበት።